ትሮካር ስትሰሩ ሹልነቱን ሳይሆን ከበሳ በኋላ ሚሄደውን ርቀት ለኩ፦ ደረጃ በደረጃ

እዚህ ጅማ ባዮሜዲካል ምትማሩ ልጆች የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ለላፓራስኮፒ (ሆዱ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ ሚሰራ ኦፕሬሽን) ሚሆን ትሮካር፣ ማለትም የሆድ ግድግዳውን በስቶ የመሳሪያ መግቢያ ቱቦ ሚያስገባውን እቃ፣ እንስራ ትላላችሁ፣ ሀሳቡ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ቦታ ላይ ነው ምትሰናከሉት። ጫፉን ታሾሉታላችሁ፣ የሆነ ነገር ትበሱበታላችሁ፣ ከዛ "በትንሽ ጉልበት ገባ" ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ታካሚውን ሚጎዳው ግን መግባቱ አይደለም፣ ከገባ በኋላ ሳይቆም ሚሄደው ነው። ሰፌድ ምትሰፋ እናት ያላችሁ ጠይቋት፣ ስንደዶው እምቢ እያለ እያለ ድንገት ሲለቅ ነው ወስፌው ከኋላ ያለውን ጣቷን ሚወጋት። የሆድ ግድግዳም እንደዛ ነው፣ ቆዳው፣ ስቡ፣ ፋሺያው (ጡንቻውን ሚሸፍነው ጠንካራ ሽፋን) ይገትሩና መጨረሻ ላይ ስሷ ፔሪቶኒየም (የሆድ የውስጥ ሽፋን) ስትበሳ ተቃውሞው በቅጽበት ይጠፋል፣ እጁ ግን ገና እየገፋ ነው። ከታች ያለው አንጀትና ትልልቅ የደም ስር ነው። እንግዲህ ይሄ መመሪያ በሙሉ ስለዛች ቅጽበት ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ እንስማማ፦ እዚህ ያለው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሚደረግ ሙከራ ነው። ሰው ላይ አይደለም፣ በህይወት ያለ እንስሳ ላይም ያለ ስነምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሚሰበሰብ

- ሎድ ሴል (ግፊት መለኪያ ሴንሰር፣ 20 ኪሎ ሚችል ይበቃል)፣ ኤችኤክስ711 ቦርድ (የሎድ ሴሉን ንባብ ወደ ቁጥር ሚቀይር)፣ አርዱዊኖ (ቁጥሩን ወደ ላፕቶፕ ሚልክ ትንሽ ኮምፒውተር)
- የድሮ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጌጁና በእጅ ሚጨመቀው ፓምፑ ሚሰራ
- ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ፣ ጠንካራ የብረት ወይም የጣውላ ቀለበትና ብሎኖች
- የሸክላ ጭቃ፣ ለስላሳ፣ ጠጠር የሌለው
- በስሎው ሞሽን በሰከንድ 240 ፍሬም ሚቀርጽ ስልክ
- ትሮካሩ ላይ ጠበቅ ብሎ ሚገባ ትንሽ የጎማ ቀለበት
- ጓንት፣ መነጽር፣ ስለት መጣያ ሳጥን
- የበግ የሆድ ግድግዳ

የመጨረሻዋ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልኳንዳ ቤት ሄዳችሁ "ስጋ" ብቻ ካላችሁ ቆዳው ተገፎ፣ የውስጡ ስስ ሽፋን ተላጦ ይሰጣችኋል፣ ያ ደግሞ ለናንተ ምንም አይጠቅምም። ከመታረዱ በፊት ተነጋገሩ፣ የሆዱ ቦታ ቆዳው እንዳለ፣ ከውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ሳትነካ እንዲቆረጥላችሁ ንገሩት። ሲሰጣችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳብሱት፣ የሚያንጸባርቅና የሚያዳልጥ ከሆነ ሽፋኗ አለች። ጾም ላይ ብዙ ልኳንዳ ስለሚዘጋ ቀኑን አስቀድማችሁ አስቡበት፣ የሙስሊም ልኳንዳ ቤቶች ግን ይሰራሉ። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፣ በረዶ ሲሆን ስጋው ይላላና ቁጥራችሁ ይዋሻል። የዛኑ ቀን ተጠቀሙበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ካዋላችሁት ደግሞ ሙቀቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ።

ደረጃ 1፦ አንድ ጉዳት ምረጡ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት የኦፕሬሽን ክፍል ሲስተሮችንና ሰርጅኖቹን አናግሩ። "ዶክተር፣ የመጀመሪያውን ትሮካር ሲያስገቡ እጅዎ የት ነው ሚሆነው? ሚያስፈራዎት የቷ ቦታ ናት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሲመልሱላችሁ እጃቸውን እዩ፣ ከአፋቸው በላይ እጃቸው ነው ሚነግራችሁ። ብዙዎቹ ጠቋሚ ጣታቸውን ዘንጉ ላይ ዘርግተው እንደ ፍሬን ይይዙታል። ያቺ ጣት የዲዛይናችሁ መነሻ ናት።

የመጀመሪያው መግቢያና ሌሎቹ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውና ሶስተኛው ትሮካር ካሜራ እያየው ነው ሚገባው። የመጀመሪያው በተዘጋው ዘዴ ከሆነ በጨለማ ነው፣ መጀመሪያ ቬረስ ሚባል መርፌ ይገባል፣ በሱ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሞላል፣ ከዛ ትሮካሩ። በክፍት ዘዴ ደግሞ፣ ሃሰን ሚባል ሐኪም በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ማለት ነው፣ ሆዱ በትንሹ በቢላ ተከፍቶ እያዩ ዱልዱም ጫፍ ያለው ካኑላ (መሳሪያ ሚያልፍበት ቱቦ) ይገባል። ለየትኛው እንደምትሰሩ ካልለያችሁ ምርጫችሁ ሁሉ ይምታታል።

ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሁን፦ "ቀጭን አዋቂ ሰው እምብርት ላይ የመጀመሪያው 10 ሚሜ ትሮካር ፔሪቶኒየምን ካለፈ በኋላ ጫፉ ከ___ ሚሜ በላይ እንዳይሄድ።" ቁጥሩን ከሰርጅን ጋር ሙሉት። ቀጭን ሰው ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፣ አኦርታ፣ ከልብ ሚወጣው ትልቁ የደም ስር፣ ለሁለት ሚከፈለው እምብርት አካባቢ ነው፣ ቀጭን ሰው ላይ ደግሞ ከቆዳው እስከዛ ድረስ ያለው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከበፊት ኦፕሬሽን የተነሳ አንጀቱ ከሆድ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሰው ላይ ስለቱን ሚሸፍን የትኛውም መከላከያና ስፕሪንግ (ደረጃ 3 ላይ ይመጣል) አያድንም፣ ምክንያቱም መከላከያው ሚዘልበት ባዶ ቦታ የለም። ይሄን ሪፖርታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት፣ አትደብቁት።

ደረጃ 2፦ ጫፉን ምረጡ

ስለት ያለው ጫፍ በትንሽ ግፊት ይገባል፣ ግን ይቆርጣል፣ የሆድ ግድግዳ ውስጥ ያለ የደም ስርም ይቆርጣል፣ ፋሺያው ላይ ሚተወው ቀዳዳም አይገጥምም። 10 ሚሜና ከዛ በላይ ሲሆን አዋቂ ላይ ፋሺያውን መስፋት የተለመደ ነው፣ ካልሆነ ሄርኒያ ሊመጣ ይችላል፣ አንጀት በቀዳዳው ይወጣል ማለት ነው። ስለት የሌለው ሾጣጣ ጫፍ ጡንቻውን ሳይቆርጥ ገለል እያደረገ ይገባል፣ ሚተወው ቀዳዳ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ግፊት ነው፣ በጣም ይገፋል። ግፊት በጨመረ ቁጥር ሲለቅ መዝለሉም ይጨምራል። እዚህ ጋ ነው "ስለት የለውም ስለዚህ አይጎዳም" ሚለው ሀሳብ ሚፈርሰው።

በመጠምዘዝ ሚገባ ጥርስ ያለው ካኑላ ሌላ መንገድ ነው፣ እጅ ወደታች አይገፋም፣ ስለዚህ ድንገት ሚለቅ ነገር በጣም ይቀንሳል። ለተማሪ ፕሮጀክት እኔ ይሄን ነው ምመርጠው፣ ሌዝ ማሽን ላይ ይሰራል፣ ስፕሪንግ የለውም፣ ሚሰበር ነገሩ ጥቂት ነው። ጫፉ ግልጽ ፕላስቲክ ሆኖ ካሜራ ውስጡ ሚገባበትም አለ፣ ንብርብሩ ሲያልፍ ይታያል፣ ግን ያን ጥራት ያለው ግልጽ ጫፍ በስሪዲ ፕሪንተር አትሰሩትም፣ አትድከሙ።

ደረጃ 3፦ መከላከያ ካለው ሂሳቡን ስሩ

ሽልድ ማለት በስለቱ ዙሪያ ያለ ቱቦ ነው፣ ስትገፉ ቆዳው ወደኋላ ይመልሰዋል፣ ባዶው ውስጥ ሲገባ ስፕሪንጉ ወደፊት አፈናጥሮ ስለቱን ይሸፍናል። የቬረስ መርፌ ውስጥ ያለው ዱልዱም ዘንግም በዚሁ ነው ሚሰራው። ወረቀት ላይ ያምራል። ሶስት ርቀት ግን ደምሩ፦

1. ከሽልዱ ጠርዝ ቀድሞ ወጥቶ ሚታየው የስለት ርዝመት። የሽልዱ ጠርዝ ራሱ ፔሪቶኒየሙን ካላለፈ አይለቅም፣ ስለዚህ 8 ሚሜ ስለት ከወጣ 8 ሚሜው አስቀድሞ ሆድ ውስጥ ገብቷል።
2. ሽልዱ እስኪዘል ድረስ እጅ ሚሄደው ርቀት።
3. ሽልዱ ከሸፈነ በኋላም እጅ ሳይቆም ሚሄደው።

ሁለተኛውን በቁጥር እንየው። ሽልዱ 6 ግራም፣ ስፕሪንጉ 3 ኒውተን፣ ሚሄደው 10 ሚሜ ይሁን። ግፊቱ እስከመጨረሻው አይቀንስም ብለን ብናቀለው ፍጥነት ጭማሪው 500 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይሆናል፣ 10 ሚሜውን በ6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። እጅ በሰከንድ 30 ሴሜ እየሄደ ከሆነ በዛች ጊዜ 2 ሚሜ አካባቢ ገባ ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። አሁን ስብና ደም ሽልዱ ላይ ተለጥፎ 2 ኒውተን ሰበቃ ጨመረ በሉ፣ ለመግፋት ሚቀረው 1 ኒውተን ብቻ ነው፣ ጊዜው ወደ 11 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፣ ርቀቱ ከ3 ሚሜ ያልፋል። ስለዚህ ስፕሪንጉን ደረቅ ሆኖ ብቻ አትሞክሩት፣ ሞራ ቀብታችሁ ሞክሩት። ሞራ ቀብታችሁ ተንቀራፎ ሚወጣ ከሆነ ሆድ ውስጥም እንደዛው ነው።

ስፕሪንጉን በጣም ማጠንከርም መፍትሄ አይደለም፣ ለመግባት ሚያስፈልገውን ግፊት ይጨምርባችኋል፣ ያ ደግሞ ሶስተኛውን ርቀት ያስረዝማል።

ደረጃ 4፦ እጀታና ማቆሚያ

እጀታው መዳፍ ውስጥ ተቀምጦ ጠቋሚ ጣት ዘንጉ ላይ እንዲደርስ አድርጉት። ከዛ ዘንጉ ላይ ሚንሸራተትና ሚቆለፍ አንገት ጨምሩ፣ ቆዳ ሲነካ ትሮካሩን ሚያቆም። አንገቱ አንድ ቦታ ላይ የተበየደ አይሁን፣ የሰው የሆድ ግድግዳ ውፍረት ይለያያል፣ ለወፍራም ሰው የተሰራው ለቀጭን ሰው ገደል ነው። መቆለፊያው በጓንትና በእርጥብ እጅ ሚያዝ መሆን አለበት፣ ሳሙና ያለው ጓንት አድርጋችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።

ካኑላው ላይ ሚይዝ ሸካራ ነገር ወይም ጥርስ መኖሩን አትርሱ። መሳሪያ ሲወጣ ካኑላው አብሮ ከወጣ ሰርጅኑ እንደገና ያስገባል፣ እንደገና ማስገባት እንደገና አደጋ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰው ሰራሽ ሆዱን ስሩ

ባልዲው ስር የሸክላ ጭቃውን ደልድሉ፣ የጭቃው ፊት ከሽፋኑ 3 ሴሜ ያህል ዝቅ ይበል። አፉ ላይ የበጉን የሆድ ግድግዳ ቆዳው ወደላይ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ቀለበቱን አስቀምጣችሁ በብሎን እኩል እኩል አጥብቁ። ባልዲው ጎን ላይ ቀዳዳ ከፍታችሁ የደም ግፊት መለኪያውን ቱቦ አስገቡ፣ ዙሪያውን በሲልከን ድፈኑ፣ አንድ ሌሊት ይድረቅ።

ፓምፑን እየጨመቃችሁ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ድረስ አምጡት፣ ኦፕሬሽን ላይ ሚሰራበት ግፊት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ነው። ለመጀመሪያው ትሮካር ግድግዳው እንዲገተር ለአጭር ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሚያደርሱም ሰርጅኖች አሉ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ሞክሩ። ጌጁን ካላመናችሁት በግሉኮስ ቱቦ የውሃ መለኪያ ስሩ፣ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ 20.4 ሴሜ ውሃ ነው፣ ውሃው ላይ ትንሽ ቡና ጠብ ካደረጋችሁበት በደንብ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ግፊቱ ትንሽ ስለመሰላችሁ ቀለበቱን ላላ አድርጋችሁ አትተዉት። የባልዲው አፍ 20 ሴሜ ስፋት ካለው 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሽፋኑን ወደላይ ሚገፋው በ63 ኒውተን ነው፣ 6 ኪሎ ከግማሽ አካባቢ ክብደት ማለት ነው። ባልዲውን ራሱን ጠረጴዛው ላይ እሰሩት።

ደረጃ 6፦ ሙከራው፣ በዚህ ቅደም ተከተል

1. ሎድ ሴሉን እጀታውና ትሮካሩ መሃል ግጠሙ፣ በታወቀ ክብደት ለኩት።
2. ኤችኤክስ711 በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ አረጋግጡ። ርካሾቹ ቦርዶች አብዛኞቹ 10 ጊዜ ላይ ነው ተሰርተው ሚመጡት። 15ኛ እግሩን ከግራውንድ አላቅቃችሁ ከፓወር ጋር ስታገናኙት 80 ይሆናል።
3. ስልኩን ከጎን በስታንድ አስቀምጡ፣ ዘንጉ ላይ በየ5 ሚሜው መስመር አስምሩ።
4. የጎማ ቀለበቷን እስከ ጫፉ ድረስ አውርዷት። ትሮካሩ ሲገባ ቆዳው ወደላይ ይገፋታል፣ የደረሰበት ከፍተኛ ጥልቀት ላይ ትቀራለች።
5. ግፊቱን ሙሉ፣ ቆዳውን በትንሹ በስካልፔል ሰንጥቁ፣ ኦፕሬሽን ላይም እንደዛ ነው ሚደረገው።
6. ብሱ። አንድ ጊዜ።
7. ጥልቀቱን ከጎማዋ፣ ከጭቃው ቀዳዳና ከቪዲዮው ጻፉ፣ ሶስቱንም።
8. ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ቢያንስ 5 ሴሜ ራቅ በሉ፣ ድገሙ። ለእያንዳንዱ ጫፍ 10 ጊዜ፣ ጫፎቹን እያፈራረቃችሁ እንጂ አንዱን ጨርሳችሁ ወደሌላው እንዳትሄዱ፣ ስጋው በሰዓታት ውስጥ ይቀየራል፣ እጃችሁም ይለምዳል።

ቁጥር 2 ላይ ለምን እንደተንገበገብኩ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የልጆች ቡድን ፕሮቶታይፕ ሲሞከር አብሬ ነበርኩ፣ ላፕቶፑ ላይ ሚመጣው ግራፍ ልስልስ ያለ፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ሚወርድ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከዛ አንዷ ልጅ ሽፋኑን አንስታ ባልዲው ውስጥ አየችና ዝም አለች። ጭቃው ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሿ ጣቷ ሁለት አንጓ ድረስ ሚገባበት ነበር። ቦርዱ በሰከንድ 10 ጊዜ ነበር ሚያነበው። እጅ በሰከንድ 30 ሴሜ ሲሄድ በሁለት ንባብ መሃል 3 ሴሜ አለ፣ አደጋው በሙሉ በሁለት ነጥብ መሃል አልፏል ማለት ነው። በ80 እንኳን 4 ሚሜ ገደማ አለ፣ ስለዚህ ለርቀት ምታምኑት ቪዲዮውን ነው፣ በ240 ፍሬም አንዱ ፍሬም 1.25 ሚሜ ይሆናል። ሎድ ሴሉ ግፊቱን ይንገራችሁ፣ ቪዲዮው ርቀቱን።

ሲበላሽባችሁ

*ጎማዋ ትንሽ ጥልቀት ታሳያለች፣ ጭቃው ግን ተበስቷል።* ይሄ ስህተት ሳይሆን ዋናው ግኝታችሁ ነው። ግድግዳው ሳይበሳ እንደ ድንኳን ወደታች ተወጥሮ ነበር፣ ፔሪቶኒየሙ ወደ ደም ስሩ ተጠጋ፣ ከዛ ተበሳ። ጎማዋ ምትለካው ከቆዳው ነው፣ ቆዳው ራሱ ወርዷል። በተለይ ስለት የሌለው ጫፍ ላይ ታዩታላችሁ። ግፊቱን ወደ 20 እና 25 ከፍ አድርጋችሁ ድገሙ፣ መወጠሩ ከቀነሰ ጻፉት።

*ሽልዱ አንዴ ይዘላል አንዴ አይዘልም።* የቆዳው ስንጥቅ ጠቦ ቆዳው ሽልዱን ይዞት ሊሆን ይችላል። ስንጥቁን ከሽልዱ የውጪ ስፋት ጋር አመሳክሩ። እሱ ካልሆነ የፕሪንቱን ንብርብር በአሸዋ ወረቀት አለስልሱ፣ ሽልድ ሚሄድበት መንገድ ላይ ትንሽ ሸካራነት ትልቅ ሰበቃ ነው።

*ግፊቱ ከመበሳቱ በፊት ይወርዳል።* ቀለበቱ ዙሪያ ሳሙና ውሃ ቀቡ፣ አረፋ ሚወጣበትን አጥብቁ። አረፋው ትሮካሩ ቫልቭ (ጋዙ እንዳይወጣ ሚዘጋው) ላይ ከሆነ ደግሞ ቫልቩን ባዶውንም፣ 5 ሚሜ መሳሪያ ገብቶበትም ሞክሩት፣ ሁለቱ ለየብቻ ነው ሚያፈሱት።

*ሁለት ሰው ሲበሳ ውጤቱ አይገናኝም።* ደህና ነው፣ አማካይ አድርጋችሁ አትደብቁት። ሰርጅንም ሰው ነው፣ መሳሪያው ለደካማውም ለጠንካራውም እጅ መስራት አለበት፣ ሪፖርታችሁ ላይ ትልቁን ጥልቀት ከአማካዩ በፊት አስቀምጡት።

*መብራት ሄደ።* ላፕቶፑን ከመጀመሪያውም በባትሪ አሰሩት፣ የሎድ ሴሉ ንባብም ይረጋጋል። ዳታው ከእያንዳንዱ ብሳት በኋላ ሴቭ ይደረግ።

ደረጃ 7፦ ማቴሪያልና እንፋሎት

ፒኤልኤ (የስሪዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) ለቅርጽ ማያ ብቻ ነው፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም ሚገድል ማሽን) ውስጥ ገብቶ በቅርጹ አይወጣም። በተደጋጋሚ ሚጸዳ ካኑላ ከፈለጋችሁ 316ኤል ስቴይንለስ ስቲል ፈልጉ። ሁሉም ክፍል ተፈታትቶ ብሩሽ ሚገባበት ይሁን፣ ስፕሪንጉ የተደበቀበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ደርቆ ከቀረ እንፋሎቱ አያድነውም።

ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ መቀቀል ስቴሪላይዝ ማድረግ አይደለም። አውቶክሌቩም ላይ ለውጥ አለው፣ ተራው ጌጅ ሚያሳየው ከውጪው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ ማኑዋሉ 15 ፒኤስአይ ብሎ 121 ዲግሪ ሚላችሁ እዚህ 18 ገደማ ይፈልጋል። ከማሽኑ ወሰን አትለፉ፣ ቴርሞሜትር ካለው በሙቀቱ ሂዱ፣ ጊዜውን መቁጠር ምትጀምሩት 121 ከደረሰ በኋላ ነው። ፕሮቶታይፑን 20 ዙር አስገብታችሁ አውጡትና ደረጃ 6ን ከአዲስ ድገሙ፣ ስፕሪንጉ የላላው ያኔ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ወረቀቱና ጽሁፉ

የአደጋ ዝርዝራችሁን በአይኤስኦ 14971 (የህክምና መሳሪያ አደጋ አያያዝ መስፈርት) አካሄድ ያዙ፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል፣ ማን እንደሚጎዳ፣ በምን እንደቀነሳችሁት፣ የቀነሰ መሆኑን ያያችሁት በየትኛው ሙከራ እንደሆነ። አካል ውስጥ ሚገባ ማቴሪያል የአይኤስኦ 10993 (ማቴሪያሉ ሰውነትን እንዳይጎዳ ሚታይበት መስፈርት) ምርመራ ይጠብቀዋል። ከዛ ወዲያ ያለው የስነምግባር ኮሚቴና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው፣ እነሱን ሳያልፍ ከላብራቶሪ አይወጣም፣ ሰርጅኑ ጓደኛችሁ ቢሆንም፣ "እስቲ አንዴ ልየው" ቢላችሁም።

ስያሜው ላይ "ሴፍቲ" ሚል ቃል አትጻፉ። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሽልድ ያለው ትሮካር አምራቾችን ይሄን የደህንነት አባባል ከሌብላቸው እንዲያወጡ ጠይቋል፣ ሽልዱ ጉዳት መቀነሱ ስላልታየ። እናንተም የለካችሁትን ብቻ ጻፉ፣ "በዚህ ግፊት፣ በበግ የሆድ ግድግዳ፣ ከ10 ብሳት ትልቁ ዝልቀት ይህን ያህል ሚሜ" ብላችሁ። ፕሮቶታይፑ ዘንግ ላይ ደግሞ በማይጠፋ ነገር "ለሙከራ ብቻ" ብላችሁ ቅረጹ፣ ስቲከር አውቶክሌቭ ውስጥ ይላጣል፣ እቃው ሲታጠብ ከሌላ መሳሪያ ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

ስጋውን ስትጨርሱ በድርብ ፌስታል አስራችሁ ላብራቶሪው ሚያስወግድበት ቦታ አስረክቡ፣ ስለቶቹን በሳጥናቸው፣ ባልዲውን በበረኪና እጠቡ፣ ጭቃውን ግን አትጣሉት፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ ካነሳችሁት በኋላ ነው ሚደፋው።